በሙሉቀን ስልክ የተመዘገቡት

ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ምን አስባ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ግን ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ውሃ እስኪፈላ ቆሜ መጠበቅ እንኳ ያናድደኛል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የወደድሁትም ለዚሁ ይመስለኛል። ሌላው ሰው ኤክሴል ላይ ተደፍቶ ሳምንት የሚፈጅበትን ሥራ እኔ ጥቂት መስመር ጽፌ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም፤ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ፍኖተ ሰላም ሥራ ፈትቼ በተቀመጥሁበት ጊዜ ኢንተርኔት ጠፍቶ ነበር። ጓደኞቼ ስልካቸውን እያገላበጡ ሲበሳጩ፣ እኔ ከክፍል ጓደኛዬ በፍላሽ የገለበጥሁትን የፓይተን መማሪያ ይዤ ኪራይ ቤቴ ውስጥ ተከተትሁ። ደግ ቋንቋ ነው። ስሳሳት "እዚህ መስመር ላይ ተሳስተሻል" ብሎ ይነግረኛል፤ አይሰድበኝም፣ አይስቅብኝም። በዚያ ጊዜ እንዲህ የሚያናግረኝ ሌላ ስላልነበረ ወደድሁት፣ አመንሁትም። ከተሳሳትሁ መቼም ይነግረኛል ብዬ ልቤን ጣልሁበት።

ሥራ ያገኘሁት የዓይን ሞራ ዘመቻ በመጣ ጊዜ ነው። ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው አንድ ሳምንት ሙሉ በነጻ ሞራ ሊገፍፉ ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየገጠሩ ዞረው ዓይኑ የተጋረደበትን ሁሉ መዘገቡ፤ የእኔ ድርሻ ለእያንዳንዱ ሰው "በዚህ ቀን ና" የሚል መልእክት በስልክ መላክ ነበር። አለቃዬ ሲስተር አበራሽ ነበሩ፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቁጡ ግን ልበ ቀና ነርስ ናቸው። ፓይተን የእባብ ስም መሆኑን አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ጠዋት ሲገቡ አማትበው "እባብሽ ነቃ ወይስ ተኝቷል?" ይሉኛል።

"ነቅቷል ሲስተር።"

"በይ እንዳይነድፈን።"

እንስቅ ነበር።

መዝገቡ ሲመጣ ዝብርቅርቅ ያለ ነው። አንዱ ሰው አንድ ጊዜ በቤቱ፣ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ተመዝግቧል። ስሙ ደግሞ እንደ ጻፈው ሰው እጅ ይለያያል። ስም አይታመንም አልሁ፤ ስልክ ቁጥር ግን ስልክ ቁጥር ነው። አንድ መስመር ጻፍሁ፦ ስልኩ ከተደገመ የመጀመሪያውን ያዝ፣ የቀረውን ጣል። መዝገቡ ባንድ ጊዜ ሸንቀጥ አለልኝ። ፓይተንም ምንም አላለ፤ በእሱ በኩል ምንም ስህተት አልነበረማ።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ኧረ ይኼ ሁሉ ሰው ነው ሁለት ጊዜ የተመዘገበው?" አሉኝ።

"ልጆቹ እኮ ሲመዘግቡ አያስተውሉም" አልኋቸው፤ ሳቅሁም። በዚያ ፀሐይ ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው ሲኳትኑ በከረሙት ልጆች ሳቅሁ። የጣልኋቸውን ስሞች ከፍቼ ማየት የደቂቃ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ሻዬ ሊቀዘቅዝብኝ ነዋ!

ዘመቻው ተጀመረ። ሰኞ ሰው መጣ፣ ማክሰኞ መጣ፤ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። ረቡዕ ከሰዓት ሐኪሞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሁሉም ምክንያት ነበረው። አንዱ "ገበሬው ቢላዋ ይፈራል" አለ፤ ሌላው "ጸበል ይሻለኛል ብሎ ነው"፤ ሌላው "የበቆሎ መዝሪያ ነው፣ ማን መሬቱን ትቶ ይመጣል?" እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። የገበሬ ልጅ አይደለሁ እንዴ፣ የማውቅ መስዬ "እውነት ነው፣ መዝሪያ ነው" አልሁ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ባትሪዋ እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረች ስልክ በእጁ የያዘ ገበሬ ነው።

"እንዴት አደርሽ እታለም? ሙሉቀን እባላለሁ፤ ከቡሬ ወዲያ ነኝ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይግቡ።"

"እናቴን ሰኞ አክማችሁ ማክሰኞ ፋሻዋን ፈታችሁልኛል። እግዜር ይስጣችሁ፤ አሁን ክር በመርፌ ልታስገባ ምንም አልቀራት። የመጣሁት ግን ለሌላ ነው።" ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "በዚች ስልክ የመጣው መልእክት የናቴ ብቻ ነው ብለሽ ጻፊልኝ። ማኅተምም ምችበት።"

"ለምን?" አልሁ።

ቁጭ አለና ነገረኝ። በእነሱ ጎጥ ኔትወርክ የሚይዝ፣ የሚሠራም ስልክ የሱ ብቻ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ስትመጣ ዓይኑ የተጋረደበት ጎረቤት ሁሉ የሱን ቁጥር ሰጠ፤ ከናቱ ጋር ስድስት ሰው። መልእክት ግን ለናቱ ብቻ መጣ።

"ቀን ጠበቅን፤ የለም። እናቴ ሄዳ እያየች ስትመለስ ነገሩ ባሰ። ሙሉቀን የሌላውን መልእክት አጥፍቶ ለናቱ ተራ ያዘ አሉ። አያ በላይ አብረውኝ የሚቀናጁ ጎረቤቴ ናቸው። እኔ አንድ በሬ፣ እሳቸው አንድ በሬ፤ ስንቱን ዘመን አብረን አረስን። ዓይናቸው ከጠፋም ወዲህ ከልጃቸው ጋር እኔው ነኝ የማርስላቸው። ማክሰኞ ማታ ልጃቸውን ልከው በሬያቸውን ወሰዱ።" ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። "ትናንት በማኅበር ጽዋው ሲዞር እኔን ዘለሉኝ። እታለም፣ እኔ የሰው ቃል የምበላ ሰው ነኝ?"

ኮምፒውተሬን ከፈትሁ። የመጀመሪያውን መዝገብ አውጥቼ ቁጥሩን ፈለግሁ። ስድስት ሰው፣ ስድስት ስም፣ ስልኩ ግን አንድ። የመጀመሪያዋ የሙሉቀን እናት ናቸው፤ ሌሎቹን ጥያቸዋለሁ። ዝቅ እያልሁ ሌሎቹን ቁጥሮች አየሁ። ኧረ የስንቱን ጎጥ ሰው ነው የጣልሁት! ፈርተው አልነበረም የቀሩት፤ መዝሪያም አልነበረም።

ይኼን የማላውቅ ብሆን እኮ ጥሩ ነበር። አገሬ ደጋ ዳሞት ነው፣ ከፈረስ ቤት ማዶ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እናቴ የምትደውልልኝ በጎረቤት ስልክ ነበር። ደብረ ማርቆስ የሚማረው የነእንትና ልጅ፣ ወታደር የሄደው፣ ዓረብ አገር ያለችው፣ ሁላችንም በዚያች አንድ ስልክ ነበር የምንገኘው። እኔ በሰው ስልክ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከተማ ገብቼ የራሴን ስልክ ስይዝ ሰው ሁሉ የያዘ መሰለኝ።

"ምን ይላል?" አለ ሙሉቀን፤ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ።

እዚህ ላይ ነው ዛሬም ፊቴን የሚያስነጨኝ። "ኔትወርክ ነው" አልሁት። "የኔትወርክ ችግር ነበር። አንተ ምንም አላጠፋህም።" "በኔትወርክ ችግር ምክንያት መልእክቱ አልደረሰም" ብዬ ጻፍሁለት፤ የሲስተርን ማኅተም አንስቼ መታሁበት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወረቀቱን ተቀብሎ ሳመው። "ከጉድ አወጣሽኝ፣ ወላዲቱ ታውጣሽ" ብሎ መርቆኝ ወጣ።

ምርቃቱ ላይ ነው የወደቅሁት። ሲስተር ሲገቡ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አገኙኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ተቆጥተው ያጠፉኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ሰውየውን ምን ብለሽ ሸኘሽው?"

"ወረቀት ጻፍሁለት።"

"ምን የሚል?"

"ኔትወርክ ነው የሚል።"

"በእኔ ማኅተም?"

"አዎ ሲስተር።"

መነጽራቸውን አውልቀው በጋወናቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርገው ጠርገው አልጨርስ አሉ። "ዛሬ ሐሙስ ነው። ሐኪሞቹ ነገ አርብ የመጨረሻቸውን ሠርተው ቅዳሜ ፋሻ ፈትተው ይሄዳሉ። መጀመሪያ የጣልሻቸውን ጥሪ። ከዚያ ሂጂና ሰውየውን ድረሽበት።"

አዲስ ኮድ ጻፍሁ። አንድ ስልክ፣ አንድ መልእክት፣ በውስጡ ግን የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። መልእክቱ ሲሄድ የሙሉቀን ስልክ ዝግ ነበር፤ ባትሪው አልቆ ኖሯል። ነጠላዬን አንስቼ ወደ መነኸሪያ ሮጥሁ፤ የሱ መኪና ወጥቷል። በሚቀጥለው ሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ሳፈላልገው ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"እንዴ! እታለም? ምነው በደህናሽ?"

"አብሬህ ልሂድ። ጎረቤቶችህ ነገ ጠዋት ፍኖተ ሰላም መድረስ አለባቸው፤ ይታከማሉ።"

አፉን ይዞ ቀረ። ከዚያ የሱቁን ሰው፣ አላፊ አግዳሚውን "አያችሁ? አያችሁ የሰው ዘር? ለኔ ብላ መጣች!" ይል ጀመር። መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። ሰው ሲበተን እነግረዋለሁ አልሁ።

መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ከእጄ ላይ ያፈስልኛል። "ወረቀቷን በደረቴ ኪስ ነው ያደረግኋት፣ ላብ እንዳይነካት በላስቲክ ጠቅልዬ" ይለኛል። ወንዙን ስንሻገር እነግረዋለሁ አልሁ፤ ተሻገርን፣ አልነገርሁትም። ዳገቱን ስንወጣ አልሁ፤ እሱ ከፊት ከፊት እየሄደ ስለናቱ ሲያወራኝ፣ ማክሰኞ ማታ ፊቱን በእጃቸው ሳይዳስሱ በስሙ እንደጠሩት ሲነግረኝ፣ አፌ አልከፈት አለ። የታረሰ መሬት በግራ በቀኝ ነው። አንዱ ማሳ ግማሹ ታርሶ ግማሹ ቀርቷል። "የኔ ነው" አለኝና እርምጃውን ጨመረ።

አያ በላይ ደጃፋቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው መሐል ላይ ነጭ ነጥብ ተቀምጧል። የሙሉቀንን ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሙሉቀን ወረቀቱን ፈትቶ ለልጃቸው ለጌትነት ሰጠ፤ ጌትነት ጮክ ብሎ አነበበ።

አያ በላይ ፈገግ አሉ። "ኔትወርክ አጠፋው ይላል?"

"ይላል አባቴ።"

"ሰው ቢሆን አስምለው ነበር።" ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ። ይኼ ኔትወርክ የሙሉቀንን እናት ከኛ ለይቶ በምን አወቃት? የሷ ሲደርስ የኛን እየለየ ያስቀረው በምን ዓይኑ ነው?"

ሁሉም ወደ ሙሉቀን ዞረ። ሙሉቀን ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ "ንገሪልኝ እንጂ" ይላል። ያጻፈው ወረቀት ይባስ ሌባ አስመሰለው።

"እንግዳ አለ መሰለኝ" አሉ አያ በላይ። "ማን ነሽ ልጄ?"

"ወረቀቱን የጻፍሁት ነኝ፣ አያ።"

"እውነት ነው የጻፍሽው?"

"አይደለም። ኔትወርክ አይደለም፣ ሙሉቀንም አይደለም። እኔ ነኝ። ስማችሁ ደርሶኝ ነበር፤ በአንድ ስልክ ስለተጻፈ አንድ ሰው መስሎኝ የአምስታችሁን ሰረዝሁት።"

አያ በላይ ቀስ ብለው፣ "አገርሽ የት ነው?" አሉኝ።

"ደጋ ዳሞት።"

"አገርሽ ሰው ሁሉ ስልክ አለው?"

"የለውም አያ።"

"እናትሽ በማን ስልክ ያገኙሽ ነበር?"

"በጎረቤት ስልክ።" አለቀስሁ። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ። ሙሉቀን ብቻ ጠጋ አለኝ። ድምፁን ሳያነሳ፣ "ወረቀቱን ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ስስመውም?"

"አዎ።"

ከዚያ ወዲያ እታለም አላለኝም።

እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ከመሸ መኪና የለም፣ ጠዋት በሌሊት መነሳት አለባቸው። "አያ፣ እባክዎ ጓዝዎን ያዘጋጁ" ስላቸው እጃቸውን አነሱ። "ቆይ። ዓይኔ ስንት ዘመን ቆይቷል፣ ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል? ጌትነት! በሬውን ፍታና ወደ ሙሉቀን ግቢ ንዳው። እኔንም ምራኝ።" በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣ በሬው ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ፣ እስከ ሙሉቀን በረት ሄዱ። በሩ ላይ ቆመው፣ "ሙሉቀን፣ በደልሁህ፤ ይቅር በለኝ" አሉ። ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። በሬው የለመደው ቦታ ገብቶ ቆመ። ለዚያ ሁሉ ቅያሜ እኔ አንድ መስመር ብቻ ነበር የጻፍሁት።

የተሰረዙት አምስት ናቸው፤ ሊሄዱ የተነሱት ግን አራት ሆኑ። "እማማ የኔነሽስ?" አልሁ፤ ስማቸውን ከመዝገቡ በልቤ ይዤው ነበር። ሰዎቹ ተያዩ። አሮጊቷ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። መልእክት ሳይመጣላቸው ሲቀር ከመንገደኛ ጋር ተጠግተው ግሽ ዓባይ ጸበል ወርደዋል። ስልክ የላቸውም፤ አብረዋቸው የሄዱትም የላቸውም። ሰው ልላክ አልሁ፤ ሄዶ ፈልጎ እስኪያመጣቸው ቅዳሜ ያልፋል አሉኝ።

አርብ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። አንድ ስልክ የያዘ አንድ ወጣት ስድስት ሰባት ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል። ሐኪሞቹ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ሠሩ። ሁሉም ግን አልመጣም። ስልካቸው ዝግ የነበረ፣ መንገዱ የራቀ ቀርተዋል፤ ስማቸውን አውቃቸዋለሁ።

ቅዳሜ የአያ በላይ ፋሻ ሲፈታ ሙሉቀን አጠገባቸው ነበር። እንባቸው እየወረደ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉና አዩት። "ሙሉቀን፣ አንተ! መቼ ሸበትህ?" አሉት። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እኔን ፈለጉ። "ያቺ ደጋ ዳሞቴ የታለች?" ቀረብሁ። አገጬን ይዘው አዩኝ። "ልጅ እኮ ነሽ" አሉ። ብቻ ያን አሉ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ የኔነሽ ሲመለሱ ሄጄ አየኋቸው። ትንሽዬ ሴት ናቸው። እጄን ሲይዙ እጃቸው ይቀዘቅዛል። መልእክቱ የቀረው በእኔ ጥፋት መሆኑን ነገርኋቸው።

"ስሜ ነበረ?" አሉኝ።

"ነበረ እማማ። እኔ ነኝ የሰረዝሁት።"

"እግዜር አይደለም?"

"አይደለም።"

ረጅም ተነፈሱ። "እፎይ" አሉ። "እኔ እኮ የሙሉቀን እናት ስትጠራ እኔን ምን አድርጌ ጠላኝ እያልሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ ስጠይቀው ሄድሁ።" ከዚያ ጭንቅላቴን ደባበሱኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመካከላችሁ እንደኔ በኮድ እንጀራ የሚበላ አይጠፋም። ፓይተንን አሁንም እወደዋለሁ፤ እሱ ምን አደረገ? ያዘዝሁትን ነው የሠራው። ግን ዛሬ "ጣል" የሚል መስመር ስጽፍ፣ የሚጣለውን ከፍቼ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ ሻዬ ይቀዘቅዛል፣ ሲስተር "ዛሬ ደግሞ እባብሽ ኤሊ ሆነ" ይሉኛል። ይህን ሁሉ ማድረጌ ጥፋቴን ያካክሳል ብዬ አይደለም። እማማ የኔነሽ አሁንም ግድግዳ ዳሰው ነው የሚወጡ የሚገቡት።

ለሚቀጥለው ዘመቻ እኔው መዝግቤያቸዋለሁ፤ መቼ እንደሚመጣ የነገረን የለም። ስልክ በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ቁጥር አስገባሁ። ሌሎችም ስልክ የሌላቸው ሲመጡ ያንኑ ቁጥር እሰጣለሁ። ያ የመጀመሪያው ኮዴ ዛሬ ቢሠራ እኔው ስልክ ላይ ያሉትን ሁሉ ጥሎ አንዱን ብቻ ያስቀር ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝሁትን ጥዬ እነሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ካርድ ሙሉ የሚል ማስታወቂያ ነው። እሱንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፤ የእማማ የኔነሽ ሊሆን ይችላላ።